የሕዝብ ውሃ አገልግሎትን ጥራት መጠበቅ፦ ከምንጭ እስከ ቧንቧ የሚሠራ የዕለት ሥራ

የባክቴሪያ ምርመራ ውጤት እጅዎ ሲገባ፣ የተመረመረው ውሃ ተጠጥቶ አልቋል። ናሙናው ተጓጉዞ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ከዚያም ባክቴሪያው እስኪራባ አንድ ቀን ያህል በሙቀት መጠበቂያ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ «ንጹሕ ነው» የሚለው ወረቀት የሚናገረው ስለ ዛሬው ውሃ ሳይሆን ስላለፈው ነው። ይህ መመሪያ የአነስተኛ ከተማን ወይም የአንድ አካባቢን የሕዝብ ውሃ ለሚያንቀሳቅሱ ኦፕሬተሮችና ኃላፊዎች የተጻፈ ነው። ተቆጣጣሪው የሚጠይቀውን የላቦራቶሪ ወረቀት ማሟላት ግዴታ ነው። ሰው እንዳይታመም የሚያደርገው ግን በየዕለቱ በእጅ የሚለካውና በዓይን የሚታየው ነገር ስለሆነ፣ አብዛኛው ገጽ የሚሄደው ለእሱ ነው።

ከዚህ በታች የሚገኙት ቁጥሮች በአብዛኛው በዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ጥራት መመሪያ የተመሠረቱ ናቸው። የአገርዎ ደረጃ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ የሚገዛዎት እሱ ነው።

መስመሩን በወረቀት ላይ ያስፍሩ

ውሃው ከሚመነጭበት ተነሥተው እስከ መጨረሻው ቧንቧ ድረስ በእግር ይሂዱና በእጅ ንድፍ ይሥሩ። ንድፉ ማማር የለበትም፤ እውነተኛ መሆን ግን አለበት። የውሃ መገኛው፣ ፓምፑ፣ ክሎሪን የሚጨመርበት ነጥብ፣ ማጠራቀሚያው፣ ዋና ዋና ቫልቮች፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታዎች፣ ውሃ ተኝቶ የሚቆይባቸው የመስመር ጫፎች፣ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ይግቡበት።

ቢሮ ውስጥ ያለው የዲዛይን ወረቀት ብዙውን ጊዜ ግንባታው ሲጀመር የታሰበውን እንጂ ዛሬ መሬት ውስጥ ያለውን አያሳይም። ስለዚህ መስመሩን ለረጅም ዘመን ሲጠግን የኖረውን የቧንቧ ሠራተኛ ይዘው ይዙሩ። ተዘግቷል የሚባለው አሮጌ መስመር አሁንም ተያይዞ ሊሆን ይችላል። ውሃ ሲያንስ ብቻ የሚከፈት ሁለተኛ ጉድጓድ ይኖር ይሆናል። አንድ ድርጅት የራሱን የጉድጓድ ውሃ ከሕዝቡ መስመር ጋር አገናኝቶ ሊገኝም ይችላል። ከሁሉም የሚያሰጋው ይህኛው ነው፤ በሕዝቡ መስመር ላይ ግፊት ሲወርድ የዚያ ድርጅት ውሃ ወደ እርስዎ ቧንቧ ይገባል። እንዲህ ያለ ግንኙነት ካገኙ ቫልቭ ዘግተው አይለፉት። ቫልቭ የዘጋ እጅ ነገ ይከፍተዋል። መስመሩ ይቆረጥ።

ይዙሩ፣ ይመልከቱ፣ ይጻፉ

የንጽሕና ቅኝት የሚባለው ሥራ «አዎ» ወይም «የለም» የሚል መልስ ያላቸውን ጥያቄዎች ይዞ መዞር ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ዓይንና የማያርፍ አእምሮ ይበቃዋል። ጉድጓዱ ላይ ሲደርሱ የብረት መያዣው ከመሬት ከፍ ብሎ መውጣቱን፣ ዙሪያው ያለው ሲሚንቶ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን፣ ጎርፍ የሚያሸሽ ቦይ መኖሩን፣ በአቅራቢያው መጸዳጃ ቤት፣ የከብት ማደሪያ ወይም የነዳጅ ማከማቻ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ማጠራቀሚያው ላይ ክዳኑ ይገጥም እንደሆነ፣ የአየር መውጫውና የትርፍ ውሃ ማስወገጃው ወፍና ነፍሳት የሚከለክል ወንፊት እንዳላቸው ያረጋግጡ። ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ ሳያዩ «ማጠራቀሚያው ደኅና ነው» ብለው አይፈርሙ።

መስመሩ ላይ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ የሚያፈስ ቦታና ግፊት የሚጠፋበት ሰዓት። ሁለቱ ሲገናኙ አደጋ ይሆናል። ቧንቧው በግፊት ተሞልቶ ሳለ ስንጥቁ ውሃ ወደ ውጭ ያፈሳል። ውሃው ሲቋረጥ ያው ስንጥቅ በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ በፈረቃ የሚሰጥ አገልግሎት ሁሉ ይህን ችግር ይዞ ይኖራል። ፈረቃውን ማስቀረት ካልቻሉ ቢያንስ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ወይም ከሥሩ የሚያልፈውን ቧንቧ አስቀድመው ይጠግኑ፤ ውሃው ተመልሶ ሲለቀቅም የመጀመሪያውን ድፍርስ ውሃ በማጠቢያ ቫልቭ ያስወግዱ።

ቅኝቱን በየወሩ፣ ከባድ ዝናብ ከጣለ ደግሞ በማግስቱ ያድርጉ። «የከርሰ ምድር ውሃ ስለሆነ ንጹሕ ነው» የሚል እምነት የተስፋፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በኒውዚላንድ ሃቭሎክ ኖርዝ ከተማ ይኸው እምነት ከ5,000 በላይ ሰው አሳምሟል። ውሃው ከጉድጓድ ተስቦ ያለ ክሎሪን ይሠራጭ ነበር። ከባድ ዝናብ የበግ ፋንድያ ያለበትን ውሃ ወደ ጉድጓዶቹ አስገባው፤ ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያም በቧንቧ ከቤት ቤት ተዳረሰ።

ክሎሪን፦ መጠኑን አይገምቱ

ክሎሪን ከመጨመርዎ በፊት የውሃውን ድፍርስነት ይለኩ። ደለልና ቅጠላ ቅጠል ያለበት ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ጀርሞቹም በደለሉ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ክሎሪን በሚገባ እንዲሠራ ድፍርስነቱ ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች ቢሆን ይመረጣል። አቅማቸው ውስን የሆነ አነስተኛ አገልግሎቶችም ከ5 ኤንቲዩ እንዳያልፉ መጣር አለባቸው። የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ወይም የአልካላይነቱ ልክ) ከ8 በታች ይሁን፤ ከዚያ ሲያልፍ የክሎሪኑ ጀርም የመግደል ኃይል በእጅጉ ይቀንሳል። ጊዜም ያስፈልገዋል፦ ክሎሪን ከገባ በኋላ ውሃው ወደ መጀመሪያው ደንበኛ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያሟላው ማጠራቀሚያው ነው። ከፓምፑ በቀጥታ ተቀጥሎ ውሃ የሚወስድ ቤት ካለ ግን ያ ቤት ጀርሙ ያልተገደለ ውሃ እየጠጣ ነው ማለት ይቻላል።

ምን ያህል ክሎሪን እንደሚጨመር ለማወቅ ባልዲና የመድኃኒት መርፌ ስሪንጅ በቂ ናቸው።

1. አንድ በመቶ ብርታት ያለው የክሎሪን ውሁድ ያዘጋጁ። የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄቱ 65 በመቶ ክሎሪን ካለው፣ በአንድ ሊትር ውሃ 15 ግራም ያህል ይበቃል። ዱቄቱን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ በፍጹም አያፍስሱ። ዝቃጩ ሲረጋ የላይኛውን የጠራ ውሃ ይጠቀሙ።
2. አራት ባልዲዎችን እያንዳንዳቸውን በ20 ሊትር ጥሬ ውሃ ይሙሉ።
3. በመጀመሪያው 1 ሚሊሊትር፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3፣ በአራተኛው 4 ሚሊሊትር ውሁድ ይጨምሩና ያማስሉ። ይህ በቅደም ተከተል 0.5፣ 1፣ 1.5 እና 2 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል።
4. 30 ደቂቃ ጠብቀው በእያንዳንዱ ባልዲ ያለውን ነጻ ቀሪ ክሎሪን (ከሌላ ነገር ጋር ሳይዋሐድ ጀርም ለመግደል የተረፈውን) ይለኩ።

ቀሪው ክሎሪን 0.5 ሚሊግራም በሊትር የሆነበት መጠን የሚፈልጉት ነው። ለምሳሌ የ1 ሚሊግራሙ ባልዲ 0.3 ቢያሳይ፣ የ1.5ቱ ደግሞ 0.7 ቢያሳይ፣ ትክክለኛው መጠን በመሐከል 1.25 ነው። አሁን ወደ ፓምፑ ይለውጡት። በሰከንድ 5 ሊትር የሚስብ ፓምፕ በሰዓት 18 ሜትር ኩብ ይሰጣል። 18 ሲባዛ በ1.25 በሰዓት 22.5 ግራም ክሎሪን ይሆናል፤ በአንድ በመቶ ውሁድ ሲሰላ በሰዓት 2.25 ሊትር ማለት ነው። ፓምፑ በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ የዕለቱ ዱቄት 346 ግራም ያህል ነው። ይህን ስሌት በወፍራም እስክሪብቶ ጽፈው የክሎሪን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ፈረቃ የሚቀበለው ሰው በጣሳና በግምት መሥራት የለበትም።

ስሌቱ ለዘላለም አይደለም። የዝናብ ወቅት ሲገባ፣ የውሃ መገኛ ሲቀየር፣ አዲስ የክሎሪን ጭነት ሲመጣ የባልዲውን ሙከራ ይድገሙት። ዱቄቱ እርጥበት ካገኘው ይደክማል። ፈሳሽ ክሎሪን ደግሞ በሙቀትና በብርሃን እያደር ኃይሉን ያጣል። ማከማቻው ደረቅ፣ ቀዝቃዛና አየር የሚገባበት ይሁን፤ ነዳጅ፣ ዘይትና አሲድ አብረውት አይቀመጡ። ክሎሪንና አሲድ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል።

በየዕለቱ ይለኩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የመሥራት አቅም ቢኖርዎት ይህን ይምረጡ። ነጻ ቀሪ ክሎሪን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለ ዛሬው ውሃ የሚነግርዎ ልኬት ነው። ቢያንስ በሦስት ቦታ ይለኩ፦ ከማጠራቀሚያው መውጫ፣ ከመስመሩ መሐከል፣ ከሁሉም በሚርቀው ቧንቧ። በማጠራቀሚያው መውጫ 0.5 ሚሊግራም በሊትርና ከዚያ በላይ፣ በመጨረሻው ቧንቧ ደግሞ ቢያንስ 0.2 መገኘት አለበት። ከጤና አንጻር የተቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ ሰው ግን ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ሽታውን ይለየዋል። ሽታው የበዛበት ሕዝብ ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ ይመለሳል፤ ስለዚህ ማብዛትም የራሱ ጉዳት አለው።

የሚለካው ክሎሪን ሲያገኝ ጽጌረዳ ቀለም በሚሰጥ ዲፒዲ በተባለ ኪኒንና በቀለም ማነጻጸሪያ ነው። የመለኪያውን ብልቃጥ በሚለካው ውሃ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ፣ እስከ መስመሩ ይሙሉ፣ ኪኒኑን በእጅ ሳይነኩ ይጨምሩና እንዲሟሟ ያድርጉ፤ ቀለሙንም ሳይዘገዩ ያንብቡ። ዘግይተው ካነበቡ ነጻ ያልሆነው ክሎሪንም ቀለም መስጠት ስለሚጀምር ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል። በቀን ብርሃን ይለኩ፤ ፀሐይ በቀጥታ ግን አይምታው። ሁለት ወጥመዶችን ይወቁ። ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው ቢጫ ቀለም የሚሰጠው መለኪያ ጠቅላላ ክሎሪንን እንጂ ነጻውን ለይቶ አያሳይም። ሌላው ደግሞ ክሎሪኑ ከልክ በላይ ሲበዛ የዲፒዲውን ቀለም ራሱ ያነጣዋል፤ ብልቃጡም ክሎሪን የሌለበት ይመስላል። ጽጌረዳ ቀለም ብልጭ ብሎ ከጠፋ ናሙናውን ክሎሪን በሌለው ንጹሕ ውሃ አቅጥነው እንደገና ይለኩ እንጂ ተጨማሪ ክሎሪን አይጨምሩ።

ቁጥሩን ከትናንቱ ጋር ያነጻጽሩት። በማጠራቀሚያው መውጫ ደኅና ሆኖ በመስመሩ ጫፍ ብቻ ከወረደ፣ በመሐከል ቧንቧ ተሰብሯል፣ ውሃው ረጅም ጊዜ ተኝቷል፣ ወይም ከውጭ የገባ ነገር አለ። በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ከወረደ ጥፋቱ ያለው ከክሎሪን ማንጠባጠቢያው ወይም ከጥሬው ውሃ ነው። የተዘጋች ቀጭን ቱቦ ለብዙ ሰው መታመም ምክንያት ልትሆን ስለምትችል በመጀመሪያ እሷን ይመልከቱ።

ክሎሪን የማይበግራቸው ጀርሞችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ሲያሳምም ውሃው ክሎሪን ነበረው። ምልክቱን የሰጠው ድፍርስነቱ ነበር፤ ከማጣሪያው በወጣው ውሃ ላይ ጨምሮ ታይቷል። ከወንዝ ወይም ከግድብ የሚቀዳ ውሃ ካለዎት ማጣሪያ ሳይኖር በክሎሪን ብቻ አይታመኑ፤ ከማጣሪያው በኋላ ያለውን ድፍርስነትም እንደ ክሎሪኑ በየዕለቱ ይመዝግቡ።

ናሙና ሲወስዱ

በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በቧንቧ ውሃ የሚያገኝ ከ5,000 በታች ሕዝብ ያለው አገልግሎት በዓመት ቢያንስ 12 የባክቴሪያ ናሙና ያስመረምራል። ከ5,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ላለው ደግሞ ለእያንዳንዱ 5,000 ሰው 12 ናሙና ነው። ናሙናዎቹን በአንድ ቀን ወስዶ ዓመቱን መዝጋት አይቻልም፤ በየወሩ ይከፋፈላሉ። ነጥቦቹም ይቀያየሩ፤ ነገር ግን የመስመሩ ጫፍና የጤና ተቋማት እንዳይረሱ። ናሙና ለመውሰድ በጣም ንጹሕ የሆነውን ቧንቧ የሚመርጥ ሠራተኛ ውጤት ያሳምራል፤ ውሃውን ግን አያሳምርም።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ቧንቧው የማያንጠባጥብና ጎማ ያልተቀጠለበት ይሁን፤ በአፉ ላይ ወንፊት ካለ ይፍቱት። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ውሃውን ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ያፍስሱ፣ ከዚያ ይዝጉትና የብረት ከሆነ በእሳት፣ የፕላስቲክ ከሆነ በአልኮል ያምክኑት። እንደገና ከፍተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ያፍስሱ። ጠርሙሱን የሚከፍቱት በመጨረሻ ነው፤ ክዳኑን መሬት ላይ አያስቀምጡ፣ ውስጡን አይንኩ፣ አይተንፍሱበት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ትንሽ ዱቄት ወይም ጠብታ ቆሻሻ አይደለም፤ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። አጥበው ካስወገዱት ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያውን መግደሉን ይቀጥልና ውጤቱ በሐሰት ንጹሕ ይሆናል። ከላይ ትንሽ አየር እንዲቀር አድርገው ይሙሉት።

በዚያው ቅጽበት ከዚያው ቧንቧ ነጻ ቀሪ ክሎሪን ለክተው ከናሙናው ቁጥር፣ ቦታና ሰዓት ጋር ይጻፉ። ናሙናው በበረዶ ሣጥን፣ በጨለማ፣ ወደ በረዶነት ሳይለወጥ ተጓጉዞ ቢቻል በ6 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ምርመራው ይጀመር። ላቦራቶሪው ሩቅ ከሆነ የጉዞውን ቀን አስቀድመው ከላቦራቶሪው ጋር ይስማሙ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ናሙና እስከ ሰኞ ተቀምጦ የሚመጣው ውጤት ዋጋ የለውም።

ኬሚካሎቹን በአጭሩ፦ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር፣ አርሴኒክ ከ0.01፣ ናይትሬት ከ50 መብለጥ የለበትም። እነዚህ በአንድ ሌሊት ስለማይለዋወጡ አዲስ መገኛ ከመከፈቱ በፊት፣ ከዚያም ደንቡ በሚያዘው ጊዜ ይመረመራሉ። እርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) ግን ብዙውን ጊዜ ከመገኛው ሳይሆን ከቧንቧው ነው የሚመጣው። በአሜሪካ ፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃ መገኛው ሲቀየር ዝገትን የሚከላከል ኬሚካል አልተጨመረም፤ አዲሱ ውሃ የቆዩ ቧንቧዎችን እየበላ እርሳሱን ወደ ቤቶች አመጣው። መገኛ መቀየር የጥራት ጉዳይ መሆኑን ለአስተዳደሩ ይህን ጠቅሰው ያስረዱ።

ያልለኩትን አይጻፉ

መዝገቡ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቀሪ ክሎሪን፣ ድፍርስነት፣ የተጨመረው ክሎሪን መጠን፣ የተፈጠረ ችግር፣ የተወሰደ እርምጃና የለኪው ፊርማ ይኑር። ከዚህ የበዛ ቅጽ የሚሞላው ስለማይኖር አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በካናዳ ዎከርተን ከተማ ከባድ ዝናብ ከእርሻ ላይ የከብት ፋንድያ አጥቦ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ አስገባ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ታመሙ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ያገኘው ነገር ለማንኛውም ኦፕሬተር ሊነበብ ይገባል፦ ሠራተኞቹ ለዓመታት ክሎሪን ሳይለኩ የለኩ አስመስለው ይጽፉ ነበር፤ የናሙና ጠርሙሶችም ላይ ያልተቀዱበትን ቦታ ይጽፉ ነበር። በእነዚያ ቀናት አንድ ሰው ጉድጓዱ ላይ ሄዶ ቢለካ ክሎሪኑ ማለቁን ወዲያው ያይ ነበር። መጥፎው የላቦራቶሪ ውጤት ከደረሰ በኋላም ለጤና ባለሥልጣኑ አልተነገረም።

ወሩን ሙሉ ያለ ምንም ልዩነት 0.5፣ 0.5፣ 0.5 የሚል መዝገብ ካዩ መለኪያውን ይዘው ይውጡ። እውነተኛ ውሃ እንደዚያ አይረጋም። በኃላፊነት ላይ ያሉ ከሆነ ደግሞ ዝቅተኛ ቁጥር የጻፈውን ሠራተኛ አይቆጡ፤ አንድ ጊዜ ከተቆጡት ከዚያ በኋላ የሚያዩት ያማረ ቁጥር ብቻ ይሆናል። ኪኒኑ አልቆ ያልተለካበት ቀን «ኪኒን ስላለቀ አልተለካም» ተብሎ ይጻፍ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ያ ባዶ ቦታ ያስወቅስ ይሆናል፤ የበጀት ጥያቄዎንም የሚደግፈው ግን እሱ ነው።

መጥፎ ውጤት ሲመጣ

በ100 ሚሊሊትር ናሙና ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም። ከተገኘ የሰው ወይም የእንስሳ ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። «ናሙናው ተበክሎ ይሆናል፣ እንደገና ይመርመር» ብሎ መጠበቅ ሁለተኛ ቀን ማባከን ነው። ድጋሚ ናሙናው ይወሰድ፤ እርምጃው ግን አይጠብቀው።

በዚያው ሰዓት ወደ ቦታው ሄደው ቀሪ ክሎሪን ይለኩ። ከዚያ ነጥብ በላይና በታች ባሉ ቧንቧዎች፣ በማጠራቀሚያውና በመገኛው ላይ ተጨማሪ ናሙና ይውሰዱ፤ ብክለቱ የት እንደገባ የሚለየው ይህ ነው። ክሎሪኑን ከፍ ያድርጉ፣ የመስመሩን ጫፎች ያጥቡ፣ ለጤና ባለሥልጣኑ በስልክም በጽሑፍም ያሳውቁ። ኢ. ኮላይ ሳይኖር ሌሎች ኮሊፎርሞች (ኢ. ኮላይ የሚመደብበት የባክቴሪያ ቡድን አባላት) ብቻ ከተገኙ ሕዝብ ማስደንገጥ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ጀርም የሚገባበት ወይም የሚራባበት ቦታ ስላለ ቅኝቱን ያድርጉ።

ለሕዝቡ የሚወጣው ማስታወቂያ አጭር ይሁን፦ የትኞቹ አካባቢዎች፣ ምን ተገኘ፣ ምን ያድርጉ፣ እስከ መቼ፣ ማንን ይጠይቁ። የማፍላቱ ትእዛዝ በግልጽ ይጻፍ፤ ውሃው እየተንተከተከ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ደግሞ ለሦስት ደቂቃ ይፍላ፣ በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ለመጠጥ ብቻ ሳይሆን ለሕፃናት ወተት፣ ለጥርስ መቦረሻና ሳይበስል ለሚበላ ምግብ ማጠቢያ ጭምር መሆኑ ይገለጽ። ችግሩ ናይትሬት ወይም እርሳስ ከሆነ ግን «አፍሉት» አይበሉ፤ ውሃው ሲተን ኬሚካሉ ይበልጥ ይከማቻል። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ ውሃ ማቅረብ ነው። ማስታወቂያው የሚነሣው መንስኤው ታውቆ ሲጠገን፣ ክሎሪኑ በሁሉም ነጥብ ሲመለስና በተከታታይ የተወሰዱ ናሙናዎች ንጹሕ ሲሆኑ፣ የጤና ባለሥልጣኑም ሲስማማ ነው።

ማጠራቀሚያ ከታጠበ ወይም መስመር ከተጠገነ በኋላ

ማጠራቀሚያ ውስጥ ሰው ብቻውን አይግባ፤ አየሩ ሊያንስ ይችላል፤ ሁለተኛ ሰው ከላይ ሆኖ ይጠብቀው። ደለሉ ተጠርጎ ከወጣና ግድግዳው ከታጠበ በኋላ ማጠራቀሚያውን በ50 ሚሊግራም በሊትር ክሎሪን ሞልቶ 24 ሰዓት ማቆየት የተለመደ አሠራር ነው። 10 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ማጠራቀሚያ 500 ግራም ክሎሪን፣ በ65 በመቶ ዱቄት 770 ግራም ያህል ይሆናል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ ዱቄቱን በባልዲ ውሃ አስቀድመው አሟሙተው ያፍስሱት። በዚያ ቀን መውጫው ቫልቭ ተቆልፎ ምልክት ይደረግበት፤ ይህ ውሃ ለሕዝብ አይለቀቅም። ሲጨርስም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አያፍስሱት፤ ዓሣ ይገድላል። በሶዲየም ታዮሰልፌት ያክሽፉት፤ ከሌለ ክሎሪኑ እስኪተን ክፍት ቦታ ላይ ያቆዩት። ከዚያ ማጠራቀሚያውን በተለመደው ውሃ ሞልተው ቀሪ ክሎሪኑ ወደ 0.5 መመለሱን ይለኩ፤ የባክቴሪያ ናሙና ይውሰዱ፤ ንጹሕ ውጤት ሲመጣ ቫልቩን ይክፈቱና ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ያስፍሩ።